ግፊት ልብን ያደነድናል፤ የእግር ጉዞ ግን ያለዝበዋል



በካምፓችን የጤና ትምህርት ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ስለ ወባ፣ ስለ ተቅማጥ፣ ስለ ክትባትና ስለ ንጹሕ ውኃ ነው። ተገቢም ነው፤ እነዚህ ሕፃናትን ቶሎ የሚነጥቁ በሽታዎች ናቸው። ነገር ግን በየብሎኩ ያሉ እናቶችንና አባቶችን ድምፅ ሳያሰማ የሚጎዳ ሌላ በሽታ አለ። እርሱም የደም ግፊት ነው። በዚህ ጽሑፍ የማቀርብላችሁ ሐሳብ አጭር ነው፦ ግፊትን መለካትና በየዕለቱ በእግር መንቀሳቀስ፣ እንደ ክትባትና እንደ ውኃ ማከም ሁሉ፣ የካምፓችን መደበኛ የጤና ሥራ መሆን አለበት። «የሀብታም በሽታ ነው» እያልን ማለፉ ይብቃን። በሽታው የማን ኪስ እንደሞላ አይጠይቅም።

«ደም ብዛት» የሚለው ስም አሳስቶናል

በአገራችን ይህ በሽታ «ደም ብዛት» ይባላል። ብዙዎች ስሙን ሰምተው በሰውነታቸው ያለው ደም የበዛ ይመስላቸዋል። በዚህም ምክንያት ዋግምት የሚያስደርጉ አሉ። ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ ወይም የሽፈራው ቅጠል ብቻ እየወሰዱ ክሊኒክ የማይደርሱም አሉ። እውነቱ ግን እንዲህ ነው፦ በሽታው ደሙ በደም ሥሮች ውስጥ ሲያልፍ ግድግዳቸውን የሚገፋበት ኃይል ከሚገባው በላይ መሆኑ ነው። በዋግምት ጥቂት ደም ማፍሰስ ይህን ኃይል አያስተካክለውም።

ግፊት ስትለኩ ሁለት ቁጥር ይነገራችኋል። ላይኛው ልብ ተጨምቆ ደም ሲረጭ ያለው ግፊት ነው፤ ታችኛው ደግሞ ልብ ሲያርፍ ያለው ነው። በሁለት የተለያዩ ቀናት ተለክቶ ላይኛው 140 ወይም ከዚያ በላይ፣ አለዚያም ታችኛው 90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሰውየው የደም ግፊት አለበት ይባላል። አንድ ቀን ብቻ ከፍ ቢል መደናገጥ አያስፈልግም፤ ደግሞ መለካት ነው። ከመለካታችሁ በፊት ግን 5 ደቂቃ ተቀምጣችሁ ዕረፉ። ቡና ጠጥታችሁ፣ ጫት ቅማችሁ ወይም በፀሐይ ስትሮጡ መጥታችሁ ወዲያው አትለኩ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ በዓለም ላይ ከ30 እስከ 79 ዓመት ከሆናቸው ሰዎች መካከል 1.3 ቢሊዮን የሚያህሉት ይህ በሽታ አለባቸው። ግማሽ የሚጠጉት መታመማቸውን እንኳ አያውቁም። አብዛኞቹ የሚኖሩትም በድሃና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። እንግዲህ «የሀብታም በሽታ» የሚለው አባባል ከየት መጣ?

ልብ ላይ ምን ይደርሳል?

ልብ ጡንቻ ነው። በደቂቃ 70 ጊዜ ቢመታ በቀን ከ100,000 ጊዜ በላይ ይመታል ማለት ነው። ዕረፍት ላይ ስንሆን በየደቂቃው 5 ሊትር ያህል ደም ይረጫል። ይህን ሥራ በዋናነት የሚሠራው የልብ የግራ ታችኛው ክፍል ነው፤ ደሙን ወደ መላው ሰውነት የሚገፋው እርሱ ነው።

አሁን ቦኖ ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ አስቡ። መውጫው ክፍት ሲሆን አንድ ልጅ እንኳ ይቀዳበታል። መውጫው ቢጠብ ግን ያንኑ ጀሪካን ለመሙላት ጉልበታም ሰው ያስፈልጋል፤ ክንዱም ይዝላል። የደም ሥሮች ሲጠብቡና ሲደርቁ ልብም እንዲሁ ነው። እያንዳንዱን ምት በትግል ይመታል፤ ቀንም ሌሊትም፣ ተኝተንም ጭምር። ጭነት የበዛበት ጡንቻ ይወፍራልና የግራው ክፍል ግድግዳ እየወፈረ ይሄዳል። በጤናማ ሰው ይህ ግድግዳ ውፍረቱ 1 ሴንቲሜትር ቢሆን ነው።

«ጡንቻ ከወፈረ ምን ክፋት አለው?» ትሉ ይሆናል። ክፋቱ ይህ ነው፦ በግፊት የወፈረ ልብ ይደነድናል። ሲጨመቅ ጠንካራ ይመስላል፤ ሲላላ ግን በደንብ አይላላም። ስላልላላም በሚገባ በደም አይሞላም። መግቢያ ያጣው ደም ወደ ኋላ ወደ ሳንባ ይመለሳል። በዚህ ጊዜ ሰውየው ትንሽ ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ሌሊት በጀርባው መተኛት አቅቶት ትራስ ይደራርባል፤ እግሩ ያብጣል። የወፈረው ጡንቻ የራሱንም ምግብና ኦክሲጅን በበቂ አያገኝም፤ ደረት ላይ መጨምደድ ይመጣል። ዓመታት ሲያልፉ ልቡ ይለጠጥና ይደክማል። ከዚህ ሁሉ በፊትም የአንጎል ደም ሥር ተዘግቶ ወይም ፈንድቶ ስትሮክ ሊመታው፣ ኩላሊቱም ሊጎዳ ይችላል።

የሚያሳዝነው፣ ይህ ሁሉ ሲሆን ለብዙ ዓመታት ምንም አያምም። ራስ ምታት ከሌለ ግፊት የለም ማለት አይደለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ይኼኛው በሽታ ግን ራሱን ከባለቤቱ ይደብቃል። የሚገልጠው መለኪያው ብቻ ነው።

ሁለት ዓይነት ሸክም

የእግር ጉዞም ሆነ ሩጫ ልብን ያሠራል። ታዲያ አንዱ ሥራ ሲጎዳ ሌላው ለምን ይጠቅማል? መልሱ ዕረፍት ላይ ነው። ግፊት ለ24 ሰዓት የማይወርድ ሸክም ነው። የአካል እንቅስቃሴ ግን ግማሽ ሰዓት ተሸክመን የምናወርደው ነው። ስንንቀሳቀስ የእግርና የእጅ ጡንቻዎች ብዙ ደም ስለሚፈልጉ በውስጣቸው ያሉ የደም ሥሮች ይሰፋሉ። የሥሮቹ የውስጥ ሽፋንም ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል የሚያላላ ንጥረ ነገር ያመነጫል። እንቅስቃሴው ካበቃ በኋላ ግፊቱ ለበርካታ ሰዓታት ከነበረበት ዝቅ ብሎ ይቆያል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ሥሮቹ መላላትን ይለምዳሉ።

ልቡም ይለወጣል። ለረጅም ጊዜ የሠለጠነ ሯጭ ልብ ሊያድግ ይችላል፤ ነገር ግን ግድግዳውና ክፍሉ አብረው ስለሚያድጉ ልስላሴውን አያጣም፤ በደንብ ይሞላል፣ በደንብም ይረጫል። በአንድ ምት ብዙ ደም ስለሚልክም ቶሎ ቶሎ መምታት አያስፈልገውም። የልብ ምታችሁ በደቂቃ ከ70 ወደ 60 ቢወርድ፣ ልባችሁ በቀን ከ14,000 በላይ ምት ያርፋል። በግፊት የወፈረና በእንቅስቃሴ ያደገ ልብ በስም አንድ ይምሰሉ እንጂ ሥራቸው ለየቅል ነው።

ይህ ከየት ታወቀ?

እ.ኤ.አ. በ1953 ጄሪ ሞሪስ የተባሉ ብሪታኒያዊ ሐኪምና የሥራ ባልደረቦቻቸው ስለ ለንደን አውቶቡሶች ሠራተኞች አንድ ጥናት አወጡ። የለንደን አውቶቡስ ፎቅ አለው። ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይነዳል፤ ቲኬት ቆራጩ ግን ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። ደመወዝ የሚከፍላቸው አንድ፣ የሚውሉበትም መኪና አንድ ሆኖ ሳለ፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም በቲኬት ቆራጮቹ ላይ ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

ሞሪስ ግን በዚህ አልቆሙም። በ1956 የሠራተኞቹን የደንብ ልብስ ልክ ሲመረምሩ፣ ሹፌሮቹ ገና ሲቀጠሩም ወገባቸው ሰፋ ያለ እንደነበር አዩ። ስለዚህ ልዩነቱ ሁሉ ከደረጃው የመጣ ነው ማለት አይቻልም ነበር። እርግጠኛ ለመሆን ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ አንዱን ወገን ብቻ ማሠልጠን ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ ታትሞ የወጣ ጥናት ይህንኑ አደረገ። ተሳታፊዎቹ ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 76 የሆነ፣ ከባድ የደም ግፊት ያለባቸው 46 ጥቁር አሜሪካውያን ወንዶች ነበሩ። ሁሉም መድኃኒት ይወስዱ ነበር። ግማሾቹ ግን በተጨማሪ በሳምንት 3 ቀን የቆመ ብስክሌት ይመቱ ነበር። ከ16 ሳምንት በኋላ ብስክሌት የመቱት ታችኛው ቁጥራቸው በአማካይ ከ88 ወደ 83 ወረደ፤ የሌሎቹ አልወረደም። ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደስተው፣ በአልትራሳውንድ ሲታይ የወፈረው የልባቸው ግድግዳ ሳስቶ፣ የግራው ክፍል ክብደትም ቀንሶ መገኘቱ ነው። እንቅስቃሴውን ከቀጠሉት መካከልም ለብዙዎቹ ሐኪሞች የመድኃኒቱን መጠን ቀነሱላቸው። የተሳታፊዎቹ ቁጥር ጥቂት ነው፤ ሴቶችም አልነበሩበትም። ቢሆንም የደነደነ ልብ ተመልሶ ሊለዝብ እንደሚችል አሳይቶናል።

ግፊት ያለባቸው ሰዎች አዘውትረው ሲንቀሳቀሱ ላይኛው ቁጥር በአማካይ ከ5 እስከ 8 ይወርዳል። ትንሽ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2021 የብዙ ጥናቶች ውጤት በአንድነት ሲመረመር፣ ላይኛው ቁጥር በመድኃኒት በ5 ሲወርድ ስትሮክን የመሰሉ ከባድ የልብና የደም ሥር አደጋዎች በ10 ከመቶ ገደማ እንደሚቀንሱ ታይቷል።

«እኛማ ስንሄድ ነው የምንውለው»

ይህን ሐሳብ ሳነሣ የሚሰጠኝን መልስ አውቀዋለሁ። «ውኃ እንቀዳለን፣ ራሽን እንሸከማለን፣ ገበያ በእግራችን እንሄዳለን፤ ሌላ ስፖርት ምን ያደርግልናል?» ይላሉ። እውነት አላቸው። ትንፋሽን ፈጠን የሚያደርግ ማንኛውም ሥራ ይቆጠራል፤ ውኃ ቀድታ የምትመለስ እናት ስፖርት አልሠራሽም አትባልም። ነገር ግን ራሳችንን እንመርምር። በየቤቱ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጠው የሚውሉ አባቶች የሉም? ገበያ ለመድረስ ቦዳ ቦዳ የሚጠሩ ወጣቶች የሉም? የቤቱን ሸክም ሁሉ አንዲት ሴት ልጅ ስትሸከም፣ ሌላው ጫት ይዞ ወይም ስልክ ይዞ የሚውልበት ቤት የለም? ሥራው በቤተሰቡ ውስጥ እኩል ቢከፋፈል ራሱ መድኃኒት በሆነ ነበር። አባት ሆይ፣ ጀሪካኑን በየተራ ያንሡ! ግፊትዎ ከፍ ያለ ከሆነ ግን ትንፋሽ ይዞ ከባድ ነገር ማንሣት ግፊቱን በድንገት ያንረዋልና ግማሽ ሞልተው፣ እየተነፈሱ ያንሡ።

ሌሎች ደግሞ «ደም ብዛት የሐሳብ በሽታ ነው፤ ፕሮሰሴ ካላለቀ አይለቀኝም» ይላሉ። የስደት ሐሳብ ከባድ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ሐሳብና እንቅልፍ ማጣትም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ። ነገር ግን ፕሮሰሱ እስኪያልቅ ልብ አይጠብቅም። የእግር ጉዞ ደግሞ ከሰው ጋር ሲሆን ሐሳብንም ያቀላል።

«ራሽን እየበላን ለስፖርት ጉልበት ከየት ይመጣል?» ለሚሉም፣ የምናወራው ስለ ማራቶን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈው የስደተኞች ቡድን ውስጥ ከነበሩት 10 ስፖርተኞች 5ቱ እዚሁ ካኩማ የኖሩ የደቡብ ሱዳን ሯጮች ነበሩ። እናንተ ግን ከማንም ጋር አትወዳደሩም። የሚፈለገው እየተጫወቱ መሄድ የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የሚያቅትበት ፍጥነት ነው።

ኪኒኑን አደራ

አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ፦ እንቅስቃሴ የመድኃኒት ረዳት እንጂ ምትክ አይደለም። አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪል ወይም ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የተሰጣችሁ ሰዎች «አሁን ደህና ነኝ» ብላችሁ አታቋርጡ። ደህና የሆናችሁት ኪኒኑ ስለሚሠራ ነው። ከጎረቤት ኪኒን አትዋሱ፤ ለእርሱ የተስማማው ለእናንተ ላይስማማ ይችላል። በጾም ወቅት የምትወስዱበትን ሰዓት ከነርሱ ጋር ተነጋገሩ እንጂ በራሳችሁ አትተዉ። ያረገዛችሁ ወይም ለማርገዝ ያሰባችሁ እናቶች፣ ኢናላፕሪልን የመሰሉ መድኃኒቶች ፅንስን ስለሚጎዱ ወዲያው ለክሊኒኩ ንገሩ። በእርግዝና ጊዜ ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም የፊት እብጠት ከመጣ ሌሊትም ቢሆን ክሊኒክ መሄድ ነው።

ጨውንም አንርሳ። ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ መብለጥ የለበትም። በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበት ይሆናል፤ የወጥ ማጣፈጫ ኩቡም ጨው ነው፤ ከዚያ በላይ ወጡ ላይ ስንጨምር ሦስት ጊዜ ጨመርን ማለት ነው። ጫትም ምትንና ግፊትን ስለሚያንር ግፊት ላለበት ሰው ፈጽሞ አይመከርም።

እንዴት እንጀምር?

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። በመጀመሪያው ሳምንት በቀን 10 ደቂቃ ሂዱ። ከዚያ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ እየጨመራችሁ 30 ደቂቃ አድርሱት። በሳምንት 5 ቀን 30 ደቂቃ ከሄዳችሁ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረውን 150 ደቂቃ ሞላችሁ። ስትጀምሩ ዝግ ብላችሁ ጀምሩ፤ ስትጨርሱም በድንገት አትቁሙ፣ ለ5 ደቂቃ ያህል እያዘገማችሁ ጨርሱ። የካኩማ ፀሐይ የታወቀ ነውና ጎህ ሲቀድ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሂዱ፤ ውኃ ጠጡ። ሴቶች ለደኅንነታችሁ ሦስትና አራት ሆናችሁ፣ ሰው በሚበዛበት መንገድ ሂዱ።

የሚከተሉት ያሉባችሁ ግን ከመጀመራችሁ በፊት ክሊኒክ ታዩ፦

– ግፊታችሁ 180/110 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፤
– ስትንቀሳቀሱ ደረታችሁን የሚጨመድዳችሁ ወይም የሚያዞራችሁ ከሆነ፤
– ተቀምጣችሁም ትንፋሽ የሚያጥራችሁ ወይም እግራችሁ የሚያብጥ ከሆነ፤
– ከዚህ በፊት ስትሮክ ወይም የልብ ሕመም ገጥሟችሁ ከሆነ።

የአንድ ሰው ፊት በአንድ ወገን ከተጣመመ፣ አንድ እጁ ከዛለ ወይም አንደበቱ ከተያያዘ፣ ስትሮክ ነውና ጠበል ወይም ማሸት ሳትሉ ወዲያው ወደ ክሊኒክ አድርሱት። ደቂቃዎች ዋጋ አላቸው።

ለበጎ ፈቃደኞችና ለክሊኒኮቻችን

ምክር ብቻ ለሕዝቡ መስጠት አይበቃም፤ አገልግሎቱም መስተካከል አለበት። በእኔ አስተያየት ሦስት ነገሮች ብዙ ገንዘብ ሳይጠይቁ ሊደረጉ ይችላሉ።

አንደኛ፣ ማንኛውም አዋቂ ሰው በማንኛውም ምክንያት ክሊኒክ ሲመጣ ግፊቱ ይለካ፤ ቁጥሩም በካርዱ ላይ ተጽፎ ለራሱ ይነገረው። ሕፃን ለማስከተብ የመጣች እናት ራሷ ሳትለካ አትመለስ። በጎ ፈቃደኞችም ቤት ለቤት ሲዞሩ መለኪያ መሣሪያ ይያዙ፤ አጠቃቀሙን ለመማር ዓመታት አይፈጅም።

ሁለተኛ፣ ግፊታቸው የተስተካከለላቸው ሰዎች ኪኒን ለመውሰድ ብቻ በየወሩ ሰልፍ ላይ መዋል የለባቸውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ግፊታቸው ለተስተካከለ ሰዎች ከ3 እስከ 6 ወር የሚዘልቅ ቀጠሮ ይበቃል ብሏል። ብዙ ሰው ኪኒን የሚያቋርጠው ከመድኃኒቱ ጥላቻ ሳይሆን ከሰልፉ ምሬት የተነሣ ይመስለኛል። የመድኃኒት አቅርቦቱ በፈቀደ መጠን ለ3 ወር የሚሆን ቢሰጣቸው፣ ነርሶቻችንም አዲስ ሕሙማንን ለማየት ጊዜ ያገኛሉ።

ሦስተኛ፣ በየብሎኩ የእግር ጉዞ ማኅበር ይቋቋም። ኢትዮጵያዊ ዕድርና ዕቁብ ማደራጀት ማንም አያስተምረውም፤ ይህንንም በዚያው መንገድ ማድረግ ይቻላል። የቀረ ሰው ቢኖር ቤቱ ድረስ ሄዶ «ምነው ቀረህ?» የሚል ጓደኛ ይኑረው። የኳስ ሜዳውም በሳምንት ጥቂት ሰዓት ለሴቶችና ለአረጋውያን ይለቀቅ።

ውድ አንባቢያን፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና በስትሮክ የወደቀ ሰው አልጋ ከመክበባችን በፊት ዛሬ እንነሣ። በዚህ ሳምንት ከቤታችሁ አንድ አዋቂ ሰው ይዛችሁ ወደ ክሊኒክ ሂዱ፤ ሁለታችሁም ተለኩ፤ ቁጥራችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። ስትመለሱም በእግራችሁ ተመለሱ፤ የመጀመሪያው 10 ደቂቃ ይቆጠርላችሁ።